የአነሮቹ ጉርሻ

ወይዘሮ ብርነሽ በዚያ ጠዋት ወደ ሆሳዕና መናኸሪያ የወረዱት ከማንም ጋር ሊከራከሩ አልነበረም። ለልጅ ልጃቸው ለሳባ የአዲስ አበባ ትኬት ቆርጠው፣ እስክትመጣ ድረስ አንድ ጥግ ይዘው ሊቀመጡ ነበር ሐሳባቸው። ሳባ ትኬት መቆረጡን አታውቅም። «አክስትሽ ከአዲስ አበባ ዕቃ ልካልኛለች፣ ሦስት ሰዓት ላይ መናኸሪያ ድረሽልኝ» ነበር ያሏት። ውሸት አይወዱም። ነገር ግን የአራት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ልጅ፣ አውሬ ከሚጠበቅበት ግቢ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልወጣም ስትል ከመዋሸት ሌላ ምን ይደረጋል ብለው ለራሳቸው ፈርደዋል።

ሳባን ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። እናቷ በወለደቻት በሦስተኛው ቀን ደም ፈሷት አለፈች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቱን አቅፈው፣ አስተምረው፣ የእንስሳት ሐኪም እስክትሆን አድርሰዋታል። እርግዝና በተነሳ ቁጥር ልባቸው የሚሸበረው ለዚህ ነው። ጎረቤት በሆዱ ቢስቅባቸውም አይፈርዱበትም፤ ሳባ ስታስል እንኳ ከሌላው ክፍል ሆነው «ምን ሆንሽ?» የሚሉ ሴት ናቸው።

የሳባ ሥራ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ለምለም የመዝናኛ ግቢ ውስጥ ነው። የግቢው ባለቤት አቶ ፈትሁዲን ይባላል። ለሠርግና ለምርቃት ግቢውን ያከራያል፤ በግቢው ጓሮ ደግሞ በሽቦ የታጠረ የአራዊት ማቆያ አለው። የሚበዙት አነሮች ናቸው፤ ከድመት የገዘፉ፣ ከነብር ያነሱ፣ እግራቸው ረጅም፣ ጆሯቸው የቆመ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሀቢቾ አካባቢ አንድ ገበሬ ቁጥቋጦ ሲመነጥር አራት ግልገሎች አግኝቶ አመጣለት፤ የሚመለከተው ቢሮም ለጊዜው በአደራ ይያዛቸው ብሎ ፈቀደ። ያ ጊዜያዊ አደራ አምስት ዓመት ሞላው። ታዲያ ከሁለት ሳምንት በፊት ከአራቱ አንዱ ሆዱ ተነፍቶ፣ ጎኑ ሟሽሾ ሞተ። ሳባ መርምራ «ጥገኛ ትል ነው፤ ሌሎቹም ላይ አለ። ከትሉ የባሰም ሊኖር ይችላል» አለች። ከዚያች ቀን ወዲህ ወይዘሮ ብርነሽ እንቅልፍ የላቸውም።

ትኬቱን በእጃቸው እንደያዙ ከዳምቦያ የመጣ አውቶቡስ አጠገባቸው ቆመ። ወያላው ጣሪያው ላይ ወጥቶ አንድ ማዳበሪያ ወደ ታች ሲያወርድ፣ ከሥር የተቀበለው ተሸካሚ አንገት ላይ ቀይ ውኃ ተንጠባጠበ። «ቀስ በል፣ እንዳይቀደድ» የሚል ድምፅ ሰሙና ዞር አሉ። አቶ ፈትሁዲን ነበር። ከአባቱ ሱቅ ስኳር ሲመዝን ጀምሮ ስለሚያውቁት፣ ባለ ግቢ ቢሆንም ዛሬም «አንተ» ነው የሚሉት።

«ፈትሁዲን፣ ምንድን ነው እሱ የሚንጠባጠበው?»

«እንዴት አደሩ እትዬ ብርነሽ። የልጆቹ ምሳ ነው።»

«የየትኞቹ ልጆች?»

«የአነሮቹ ነዋ። ሳንባ አለ፣ ጉበት አለ፣ ልብ አለ። ሥጋ ቤቶች የጣሉትን ከየቦታው አሰባስባለሁ።»

«ለምን ጣሉት?»

«ውኃ የቋጠረ፣ እባጭ ያለበት ነገር ሰው አይገዛም። አውሬ ግን አይመርጥም።»

«የሞተውም አልመረጠም» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ።

አቶ ፈትሁዲን ከልቡ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩ ቢከነክነውም ሳቅ አለና «ይምጡ ሻይ እንጠጣ፤ እዚህ ቆመን ወያላ አይስማን» ብሎ ከመናኸሪያው አጥር ሥር ወዳለችው ሻይ ቤት ወሰዳቸው። ማዳበሪያውን እግሩ ሥር አስቀመጠው። ወይዘሮ ብርነሽ ወንበራቸውን አንድ ክንድ ያህል ወደ ኋላ ሳቡ።

«እስቲ በእርጋታ እንነጋገር» አለ ሻዩን እያማሰለ። «ሳባ ጎበዝ ልጅ ናት፣ ወላሂ አልክድም። ግን መጽሐፍ አበዛች። ሥጋው በፍሪዘር ይደርቅ ትላለች፣ ካልሆነ ይቀቀል ትላለች፣ ሰው እንዳያጎርሳቸው ትላለች። እትዬ፣ ጫካ ውስጥ ላለው አነር ማን ይቀቅልለታል? ማን ፍሪዘር ገዛለት? አላህ እንደዚያ አድርጎ ፈጠረው፤ ጥሬውን በልቶ ሺህ ዓመት ኖረ።»

«ጫካ ያለው አነር ሌሊቱን ሙሉ ይዞራል» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ። «ዛሬ እዚህ ያደነ ነገ ሌላ ቦታ ነው። ያንተ ግን የበላበት፣ የተኛበት፣ የተጸዳዳበት አንድ ቦታ ነው። በስምንት እርምጃ ሽቦ ውስጥ ዘግተህ ስለ ጫካ ታወራልኛለህ? ጫካ ያለውም ቢሆን ይታመማል፤ ሲታመም ስላላየኸው ጤነኛ መሰለህ እንጂ።»

ይህን ብለው ራሳቸው ደነገጡ። ትናንት ማታ ሳባ ስትነግራቸው ጆሯቸውን የደፈኑበት ቃል ነው። ሲናደዱ ከአፋቸው ወጣ።

«እሺ፣ እኛስ?» አለ አቶ ፈትሁዲን። «እርስዎ በመስቀል ጥሬ ሥጋ አይቀምሱም? እኔ ክትፎ አልበላም? ይኸው አለን።»

«እንበላለን። ግን ከበላን በኋላ ስንቱን ጊዜ ኮሶ ስንጠጣ ኖርን? እናቴ በየሁለት ወሩ ቤት ዘግታ ትጠጣ ነበር። ዛሬ ደግሞ ኪኒን አለ። ያንተ አነር ፋርማሲ ይሄዳል? አንተ የምትከላከልበትን ለእሱ ከልክለህ፣ አንተ የተውከውን ሳንባ ለእሱ ትሰጣለህ። ይሄ ነው ማሳደግ?»

ተሸካሚው ክፍያውን እየተቀበለ ቆሞ ይሰማ ነበርና ፈገግ አለ። አቶ ፈትሁዲን አይቶት «ሂድ አንተ፣ ሥራ የለህም?» ብሎ ወደ ሌላው ክርክሩ ዞረ።

«ጉርሻውስ? እሱን እንዴት ልከልክል? ሙሽራ አነር አጉርሳ ፎቶ ካልተነሳች ሠርጓ ሠርግ አይመስላትም። ሰው ግቢዬን የሚመርጠው ለእሱ ነው። እኔ ለሠርግ ሁለት ማድ ቤት ነው ያለኝ፤ አንዱ ለክርስቲያን፣ አንዱ ለእስላም። ከሁለቱም ቤት ያለ ልዩነት የሚበላ አነሬ ብቻ ነው። የአገሩን ሰው እሱ አስታርቆ ይዟል። በፍቅር የተዘረጋን እጅ መመለስ ነውር አይደለም?»

ወይዘሮ ብርነሽ በዚህ ሳይወዱ ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ ጠፋ።

«ጉርሻ የሚወዱት ሰው አፍ ነው የሚገባው። ባለፈው የመምህሩ ልጅ ሠርግ ላይ አይቻለሁ። ሚዜው ጥሬውን በጣቱ አጎረሰው፤ አነሩ ጣቱን ላሰው፤ ሰውየው ጣቱን በሱሪው ጠርጎ ተመልሶ ሙሽሪትን አጎረሰ። እኔ ቆሜ አየሁ። ነውር እንዳይሆን ብዬ ዝም አልኩ። ነውሩ ዝም ማለቴ ነበር።»

የአቶ ፈትሁዲን ዓይን እጃቸው ላይ ወዳለው ትኬት ሄደ። ያን ጊዜ እሱም የሚወጋበት ነገር አገኘ።

«እንዲህ የሚቆረቆሩ ከሆነ ይሄ ምንድን ነው? ልጅቷን ሊያሸሿት አይደል? እርሷ ከሄደች ትሉን ማን ይመረምራል? ስለ አነሩ አይደለም የሚከራከሩኝ እትዬ ብርነሽ። ለራስዎ ልጅ ፈርተው ነው። እሷን አውቶቡስ ላይ ካስቀመጡ በኋላ እኔም አነሬም ብንጠፋ ግድ የለዎትም።»

እውነቱን ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ሻዩን አነሱና ሳይጠጡ መልሰው አስቀመጡት። ፍርሃት ሰውን ጠንቃቃ ያደርገዋል ይባላል፤ ነገር ግን የራስን ልጅ ብቻ ይዞ የሚሮጥ ፍርሃት በሽታውን ለጎረቤት ትቶ እንደሚሄድ በዚያች ቅጽበት ተሰማቸው። ቢሰማቸውም ትኬቱን አልቀደዱትም።

ሳባ የመጣችው ይህን ጊዜ ነው። ነጭ የሥራ ካፖርቷን በክንዷ ይዛለች። ሁለቱን አብረው ስታይ ገረማት።

«ዕቃው የታለ እማዬ?»

ወይዘሮ ብርነሽ ዓይናቸውን ወደ ትኬቱ ጣሉ። ሳባ ትኬቱን ከእጃቸው ወስዳ አነበበችው። የራሷን ስም አየች።

«ዕቃው እኔ ነኝ ማለት ነው» አለች።

«አክስትሽ ክፍል አዘጋጅታለች። ባልሽ አክሊሉም ቢሆን ዱራሜ ሲያስተምር ሰንብቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ነው ወደ አንቺ የሚመጣው፤ ወደዚያ ይመጣል። እስክትወልጂ ብቻ ነው።»

«አልሄድም።»

«ሳባ።»

«አልሄድም እማዬ። ተሸክመሽ ብትጭኚኝ ወራቤ ላይ እወርዳለሁ።»

«እናትሽን ቀብሬያለሁ» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሁለተኛ አልቀብርም። ትችያለሽ ብለሽ አትጠይቂኝ፤ አልችልም።»

ሳባ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። የተቆጣው ፊቷ ቢለዝብም ቃሏ አልለዘበም።

«እናቴ የሞተችው ደሟን የሚያቆም ሐኪም በቅርብ ስላልነበረ ነው ያልሽኝ አንቺ ነሽ። እኔ ስመረቅ አለቀስሽ። አሁን በሽታ ሲመጣ ሐኪሟ ትሽሽ ትያለሽ? ደግሞስ ወዴት ነው የምሸሸው? ይሄ በሽታ ሆሳዕና ብቻ የሚኖር መሰለሽ?»

«ከአውሬው አይደል የሚመጣው?»

«ከአውሬው ዓይን አይመጣም፤ ከትንፋሹም አይመጣም፤ እኔ በአጠገቡ ስላለፍኩ አይዘኝም። አሁን ሁለታችሁም ስሙኝ። አነሮቹ ላይ ያገኘሁት አንደኛው ወስፋት ነው፤ እሱ ነው ያኛውን ያከሳው። ሁለተኛውን ነው እኔ የምፈራው። ቶክሶፕላዝማ ይባላል፤ በዓይን አይታይም። አነሩ ጥሬ ሥጋ ሲበላ፣ ወይ አይጥ ሲይዝ ሆዱ ይገባል። ከዚያ ለአንድ ሁለት ሳምንት በዓይነ ምድሩ እንቁላል መሳይ ዘር በሚሊዮን ይጥላል። ያ ዘር ወዲያው አይጎዳም፤ ቀን ሁለት ቀን አየር ሲያገኘው ነው የሚበስለው። ከበሰለ ግን እርጥብ አፈር ውስጥ ከዓመት በላይ ይቆያል። በእጅ፣ ባልታጠበ ጎመን፣ በውኃ ወደ ሰው አፍ ይገባል። ሰውም ጥሬ ሥጋ ሲበላ ያገኘዋል።»

«ሰውን ምን ያደርጋል?» አለ አቶ ፈትሁዲን።

«እርስዎን ምናልባት እንደ ጉንፋን ነካ አድርጎ ይተውዎታል። ብዙ ሰው እንደያዘው እንኳ አያውቅም። ቀድሞ ይዟት የማያውቅ ነፍሰ ጡር ላይ ከገባ ግን ወደ ፅንሱ ያልፋል። ዓይን ያጠፋል፣ አንጎል ይጎዳል፣ ያስወርዳል።»

ወይዘሮ ብርነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። «ታዲያ ይሄን እያወቅሽ...»

«እያወቅኩ ነው የምቆየው። ደሜን ተመርምሬያለሁ፤ እስከ ዛሬ አልያዘኝም። አልያዘኝም ማለት ደግሞ መከላከያም የለኝም ማለት ነው፤ አልዋሽሽም። አዲስ አበባ ብሄድ አክስቴ ለዓመት በዓል ጥሬ ሥጋ ብታቀርብልኝ፣ ሰላጣውን በደንብ ሳታጥብ ብትሰጠኝ እዚያም ያገኘኛል። የሚያድነኝ መንገዱን መዝጋት ነው። ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ድንጋይ እስኪሆን ይሰንብት፣ ወይ ይቀቀል። ዘሩ ሳይበስል ዓይነ ምድሩ በየቀኑ ይጠረግ፤ የሚጠርገው ሶፎንያስ ጓንትና ቦቲ ይኑረው። ሰው በሽቦው እጁን አያስገባ። ሦስት ነገር ነው የለመንኩት። በሦስቱም ሳቃችሁብኝ።»

አቶ ፈትሁዲን ሻዩን ወደ ጎን ገፋው። ተቆጥቷል፤ ሲቆጣ ደግሞ እልህ ይይዘዋል።

«እንዲህ ከሆነ መገላገል ነው። ለቢሮው ደውዬ ውሰዱልኝ እላለሁ። ካልወሰዱም መርዝ አለ። በሽታ አሳዳጊ ነህ ከምባል ይቅርብኝ።»

«ይገላገል» አሉ ወይዘሮ ብርነሽ ተስፋ ያገኙ መስለው።

«አያደርጉትም» አለች ሳባ። «አውሬው ያበሉትን ነው የበላው። ሳንባውን ከዳምቦያ በአውቶቡስ ያስጫነው አነሩ ነው? እርስዎ በጓሮዎ ድመት የለዎትም ጋሼ? የከተማው ድመት ሁሉ ያንኑ ዘር ይጥላል። የሆሳዕናን ድመት በሙሉ መርዝ ሊያበሉ ነው? ነገሩ ከሽቦው ውስጥ ብቻ አይደለም ያለው። እስቲ ልጠይቅዎት፣ ሶፎንያስ የሚጠርገውን የት ነው የሚደፋው?»

«እንሰቱ ሥር ነዋ፤ ሌላ የት ይደፋል?» ስለ እንሰቱ ሲነሳ ቁጣው በረድ አለ። «ፍግ እኮ ነው። እትዬ ብርነሽ፣ ዘንድሮ የኔን እንሰት ያላየ ሰው እንሰት አየሁ አይበል። ግንዱ በሁለት እጅ አይታቀፍም። መሃል መሃሉን ደግሞ ጎመን ተክለንበታል።»

በእርግጥም በሐዲያም በከምባታም እንሰት በፍግ ነው የሚያድገው። ከከብቱ ሥር የተጠረገ ሁሉ ጓሮ ይሄዳል፤ የማይረባ ፍግ አለ ብሎ ያስተማረ ሽማግሌ የለም። አቶ ፈትሁዲን ከጉራጌ አባቶቹም የወረሰው ይህንኑ ነው። ሥጋ በል አውሬ ከሣር በል ላም የተለየ ነገር ይጥላል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ስህተቱ የሰነፍ ስህተት አልነበረም፤ የታታሪ ገበሬ ስህተት ነበር።

ሳባ ስለ አፈሩ ማብራራት ልትጀምር ስትል ወይዘሮ ብርነሽ እጃቸውን አነሱ። ሳባ ስለ ተህዋሲያን ከሳቸው በላይ ታውቃለች። ስለ ጓሮና ስለ ነፍሰ ጡር ግን እሳቸውን የሚያህል አልነበረም።

«ፈትሁዲን፣ እንሰቱን በቤትህ ማን ነው የሚንከባከበው?»

«ልጄ ኢልሃም ናት። የመጀመሪያ ልጇን እናቷ ቤት ልትወልድ ከመጣች ወዲህ ዝም ብዬ አልቀመጥም ብላ፣ ትኮተኩታለች፣ ቅጠል ትቆርጣለች፣ ጎመኑን...»

ዐረፍተ ነገሩን አልጨረሰም። የስድስት ወር ነፍሰ ጡር የሆነች ልጁ ባዶ እጇን አፈር ውስጥ ከትታ በዓይነ ህሊናው ታየችው። ወያላዎቹ «ሻሸመኔ፣ ሻሸመኔ» ይላሉ። ወይዘሮ ብርነሽ፣ ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሊያስለቅሱት ይፈልጉት በነበረው ሰው ፊት ላይ የራሳቸውን የሁለት ሳምንት እንቅልፍ ማጣት አዩት።

«ተነሳ» አሉት። «ባጃጅ ጥራ።»

ማዳበሪያውን ሻይ ቤት ትተውት አልሄዱም፤ ሳባ ውሻ እንዳይቀደው ብላ በሁለት ፌስታል ጠቅልላ አስጫነችው።

ግቢው ሲደርሱ ኢልሃም እንደተባለው ከእንሰቱ መሃል ነበረች። ቀሚሷን ወደ ላይ ቋጥራ ጎመን ትቀነጥሳለች። አቶ ፈትሁዲን ከሩቅ «ኢልሃም፣ እጅሽን» ብሎ ተጣራና የሚለው ጠፋው። እሷም ቀና ብላ «ምን ሆነ እጄ?» አለች። አባትየው መልስ ሳይሰጥ ወደ ቤት ገባ። ጆግና ሳሙና ይዞ ወጣ። በዚያ አገር እጅ ማስታጠብ የታናሽ ሥራ ነው፤ ልጅ ለአባት ያፈሳል እንጂ አባት ለልጅ አፍስሶ አይታወቅም። አቶ ፈትሁዲን ግን ጎንበስ ብሎ አፈሰሰላት። «ጥፍርሽንም» አላት። «አባ፣ ሰው ያየናል» አለች። «ይየን» አለ።

ከዚያች ቀን በኋላ የሆነውን ሳናሳምር እንናገር፤ ነገሩ ሁሉ አልጋ በአልጋ አልነበረምና። ኢልሃም በማግስቱ ደሟን ሰጠች፤ ውጤቱ እስኪመጣ ያሉትን ቀናት ቤተሰቡ እንዴት እንዳለፋቸው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በሽታው አልያዛትም ነበር። ፍሪዘሩ ተገዝቶ ገና በሳምንቱ መብራት ሁለት ቀን ጠፋና ሥጋው ሁሉ ተቀቀለ። አነሮቹ ቅቅሉን አሽትተው ጀርባቸውን ሰጡት፤ አቶ ፈትሁዲን «ይኸው፣ አልኩ እኮ» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲነጫነጭ ዋለ። በነጋታው ርቧቸው በሉት። ውኃ የቋጠረ ሳንባና ጉበት ዳግመኛ ወደ ግቢው አልገባም። ከእንሰቱና ከውኃ ጉድጓዱ የራቀ ጥልቅ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ሶፎንያስ ጓንትና ቦቲ አድርጎ ጠዋት ጠዋት የጠረገውን እዚያ ይቀብራል፣ አመድ ይነሰንስበታል። ጎመኑ ተነቀለ። እንሰቱ አልተነካም፤ በሥሩ የሚሠራ ሰው ግን እጁን ሸፍኖ ይገባል፣ ሲወጣ ይታጠባል። አነሮቹም የትል መድኃኒት በየጊዜው ይወስዳሉ። በሦስት ወር ውስጥ ጎድናቸው ተሸፍኖ ጠጉራቸው ማብረቅረቅ ጀመረ።

ሳባም ከአያቷ ጋር ስምምነት አደረገች። ለዚህ ስምምነት አንድ ሙሉ ምሽት ተጨቃጭቀዋል። ወይዘሮ ብርነሽ «ግቢውን አትርገጪ» ብለው ጀመሩ፤ ሳባ «ሁሉንም እሠራለሁ» ብላ ጀመረች። መጨረሻ ላይ፣ እስክትወልድ ሽቦው ውስጥ ላትገባ፣ ዓይነ ምድሩን ላትነካ፣ ናሙናውን ሌላ ባለሙያ ሊያይላት፣ እሷ ከውጭ ሆና ልታዝ ተስማሙ። በየወሩ ደሟን ትሰጣለች። በሰባተኛው ወርም ውጤቱ ንጹሕ ነበር። ወይዘሮ ብርነሽ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብበው «የሚቀጥለው ወርስ?» አሉ። እንዲህ ናቸው፤ ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም። ልዩነቱ ድሮ ፍርሃቱ ያስሮጣቸው ነበር፤ አሁን እጅ ያስታጥባቸዋል። በዕድር ስብሰባ ላይ ሳይቀር ተነስተው ነፍሰ ጡር ጥሬ ሥጋ እንዳትቀምስ፣ ጎመን በብዙ ውኃ እንዲታጠብ፣ የድመት ዓይነ ምድር ከጓሮ አትክልት እንዲርቅ ተናግረዋል። «ለዚህ ደግሞ ስብሰባ ያስፈልጋል?» ያሏቸው ነበሩ። «ለልቅሶ ከምንሰበሰብ ይሻላል» ብለው ተቀመጡ።

የቀረው ጉርሻው ነበር፤ ከሁሉም የከበደው እሱ ሆነ። ሳንባ መከልከል ቀላል ነው። የሰውን ፍቅር መከልከል ግን ጠብ ያመጣል። አቶ ፈትሁዲን «ማጉረስ ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ ሰቀለ፤ ሰው ጽሑፉ ሥር ቆሞ አጎረሰ። አንድ የሠርግ ቤተሰብ ተቆጥቶ ወደ ሌላ ግቢ ሄደ። ያን ጊዜ ወይዘሮ ብርነሽ ማንም ሳይቀጥራቸው በሠርግ ቀን ወንበራቸውን ይዘው ሽቦው አጠገብ መቀመጥ ጀመሩ።

አንድ እሑድ ከከምባታ ታላቅ ሠርግ መጣ። ሙሽራው፣ ሚዜዎቹና ፎቶ አንሺው ወደ ጓሮ ዞሩ። ሙሽራው በጣቱ ጥሬ ክትፎ ይዟል። ወይዘሮ ብርነሽ ከወንበራቸው ተነስተው መሃል ገቡ።

«አይቻልም ልጄ። እንኳን ደስ አለህ፤ ግን አይቻልም።»

«አንድ ጉርሻ ናት እማማ። ለፎቶ ብቻ።»

«አንዷም ትበቃለች። እኔ የማወራው ስለ አነሩ ብቻ አይደለም። በዚህ እጅህ ተመልሰህ ማንን ነው የምታጎርሰው?»

ሙሽራው ወደ ሙሽሪት ዞር አለ። ፎቶ አንሺው የቀኑ ብርሃን እየሄደበት ስለሆነ ተቁነጠነጠ። ከሚዜዎቹ አንዱ፣ ከሁሉም ረጅሙ፣ ወደፊት ወጣ።

«አቶ ፈትሁዲን» ብሎ ጮክ አለ፤ «ግቢውን ለእኛ አከራይተው ሴትዮዋን ዘበኛ አስቀመጡብን እንዴ?»

አቶ ፈትሁዲን ከማድ ቤቱ በር ላይ ሆኖ እጁን በፎጣ ያብስ ነበር። እነዚህ ደንበኞች ተቆጥተው ከሄዱ ወንድሞቻቸውም እህቶቻቸውም ወደ እሱ አይመጡም። ይህን ያውቃል። ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣለ።

«እሳቸው ያሉት ነው» አለ። «ቅር ካላችሁ በሩ ያ ነው።»

ሚዜው በዚህ መልስ ተናዶ ወደ ወይዘሮ ብርነሽ ዞረና፣ ጓደኞቹን ለማሳቅ «እማማ፣ የአነሩ አያት ነዎት እንዴ?» አላቸው። ሁሉም ሳቁ። ሳባም በውጭ በኩል ሆዷን ደግፋ ቆማ ነበርና ትንሽ ሳቀች።

ወይዘሮ ብርነሽ አልሳቁም። ከሽቦው ፊትም አልተነቃነቁም።

«ብሆንስ?» አሉ። «ባልታጠበ እጅ የልጅ ልጄን አታጎርስም።»

ሳቁ እየቀነሰ ሄዶ ቆመ። ሙሽራው ያቺን ጥሬ ክትፎ በጣቱ እንደያዘ፣ የት እንደሚያደርጋት ግራ ገብቶት ቆሞ ቀረ።